ጫናው ለአሸናፊ ነው

ኦርቪል ፔቲስ መጀመሪያ ከኮርቻ ስር የሚነጠፈውን ጨርቅ ጭኑ ላይ ይዘረጋል። በጉርዱ ግራ ክንዱ ጠርዙን ተጭኖ ይይዛል። በቀኙ ጠፍጣፋ የእርሳስ ብረት ከሳጥን ያነሳል፤ የጨርቁን ኪስ በአውራ ጣቱ ከፍቶ ያንሸራትተዋል። አንዱን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ፤ ኮርቻው እንዳያዘነብል። ማሰሪያውን በጥርሱ ስቦ ያጠብቃል። ጋላቢው ኮርቻውን ታቅፎ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ መርፌው ልክ ይመጣል። አለቀ።

በዚህች የኬንታኪ እሽቅድምድም ሜዳ ደጋግሞ ያሸነፈ ፈረስ ብረት ይጨመርበታል፤ ደካማው ቀሎት ይሮጣል፤ ተወራራጁ ማን እንደሚቀድም ግራ ይገባዋል። በአገሬው አፍ ይህ ጫናና እንደ ኦርቪል ያለ የጎደለ እጅ ስማቸው አንድ ነው፦ «ሃንዲካፕ»። ለፈረሱ ሲሆን ክብር፣ ለሰው ሲሆን ከንፈር መምጠጥ።

ሰኞ ውድድር የለም። የጋጣ ሰዎች ከወጥ ቤቱ ጀርባ የፈረስ ጫማ ወደ ተተከለ ዘንግ እየወረወሩ ይጫወታሉ፤ የተሸነፈ የወጥ ሠሪዋን የዋንዳን ድስቶች ያጥባል። ኦርቪል ድስት ከነካ ቆይቷል። ከሌላ ሜዳ የመጣው አዲሱ የፈረስ ጫማ መቺ ሎኒ ግን ገና ሳይጀመር፣

«ለኦርቪል አምስት ነጥብ አስቀድሜ ጽፌለታለሁ» አለ።

«ለምን ሲባል?» አለ ኦርቪል።

«ያው እንግዲህ...» ዓይኑ ጉርዱ ክንድ ላይ አረፈ።

«ሎኒ፣ ዛሬ ጉድህ ፈላ!» አለች ዋንዳ በመስኮት።

ኦርቪል ሄደና ብረት የሞላ ጨርቅ ትከሻው ላይ ጥሎ ተመለሰ።

«አሸናፊ ፈረስ ላይ ምን ይጨመራል?»

«ክብደት።»

«ባለፈው ሰኞ ማን አሸነፈ?»

«አንተ።»

«ታዲያ ዕድሜህን ጋጣ ውስጥ ፈጅተህ፣ ለአሸናፊ ሲቀነስለት የት አየህ? አምስቷን ነጥብ ሰርዝ! በሰጠኸኝ ነጥብ ካሸነፍኩህማ ያሸነፈው ክንዴ ሳይሆን አዘኔታህ ነው።»

ሎኒ ሰረዘ። ኦርቪል ብረቱን እንደተሸከመ የፈረስ ጫማውን ወረወረ፣ አላበው፣ ተሳደበ፤ በመጨረሻዋ ውርወራ ተሸነፈ።

ሎኒ አፍሮ ሊያግዘው እጅጌውን ሰበሰበ።

«ማን ነው የተሸነፈው?»

«አንተ ነህ።»

«በል ከድስቴ ራቅ!»

ድስቱን በጉርዱ ደግፎ እየፈተገ ያፏጭ ጀመር። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት ተሸንፎ አያውቅም።

ሰኞ በዚያ ካለፋችሁ ለእናንተም ልመና አለው፦ «የምትጭኑብኝን ብረት ይዛችሁ ኑ፤ ነጥብ አትስጡኝ። ካሸነፍኳችሁ ‹በአንድ እጁ እኮ ነው!› አትበሉ። ዝም ብላችሁ ድስቱን እጠቡልኝ።»