ድንኳን ያልተጣለለት መርማሪ

መርማሪው አልሞተም። ይህን ከመነሻው የምናገረው ማንም ልቡን ሰቅሎ እንዳይጠብቅ ብዬ ነው። በአዲሱ ምዕራፍ ጢሙን አሳድጎ፣ ኮቱን ቀይሮ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ተመልሶ መጣ አሉ። እኔ አላየሁትም፤ ማየትም አልፈልግም። ወሬው ሲነሣ እንኳ እስከ ዛሬ ጨጓራዬን ይልጠኛል።

እናቴ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራች ሴት ናት። ጡረታ ወጥታ የምታገላብጠው ፋይል ስታጣ፣ በአማርኛ ተተርጉሞ የሚተላለፍ አንድ የውጭ ተከታታይ ድራማ ያዘች። ዋናው ሰው የወንጀል መርማሪ ነው። በምዕራፉ መጨረሻ ጥይት ተመታ፣ ሆስፒታል ገባ፣ ሐኪሙ ከቀዶ ጥገናው ክፍል ወጥቶ ራሱን ነቀነቀ፣ ሰውየው ተቀበረ። ለእኔ ነገሩ እዚያው አልቋል። ለእናቴና ለሰፈራችን ሴቶች ግን ገና መጀመሩ ነበር።

የካ ውስጥ የውኃ መጥፋት የማያሰባስባቸውን ጎረቤቶች ይህ ሰውዬ አሰባሰባቸው። በስልክ ግሩፕ ከፈቱ። አንዷ ሐኪሙ የልብ ምት የሚያዘገይ መርፌ ወግቶት ነው ትላለች። ሌላዋ መንታ ወንድም አለው ትላለች፤ ማስረጃዋም አንድ ጊዜ በመርማሪው እናት ቤት ግድግዳ ላይ የሁለት ሕፃናት ፎቶ ማየቷ ነው። ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ከኋላዬ ተቀምጠው ሲከራከሩ ሰምቼ፣ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ በእግሬ ዳገቱን ወጥቻለሁ።

የእናቴ ግን የባሰ ነበር፤ ምክንያቱም የእሷ በአመክንዮ የተደገፈ ነው።

«ሞቶ ቢሆን ድንኳኑ የታለ?» ትለኛለች። ቀብር ጨርሰው በየመኪናቸው ገብተው ሄዱ። ለቅሶ የደረሰ የለም፣ ሠልስት የለም፣ ሚስቱ በማግሥቱ ፀጉሯን ተሠርታ ቢሮ ገባች። እዚያ አገር ድንኳን አይጣልም፣ ወጉ ሌላ ነው ብዬ ስንት ጊዜ አስረዳኋት። «ሰው የትም ሰው ነው» ብላ ዘጋችኝ። ሁለተኛው ማስረጃዋ የሬሳ ሣጥኑ ነበር። የተሸከሙት ሰዎች ትከሻ ምንም አልተጫነም ባይ ናት። በእሷ ቤት ሣጥኑ ባዶ ነው፣ ፋይሉም አልተዘጋም።

ከዘመድ ከጎረቤት እሷን ደፍሮ የሚሞግት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ታናሽ ወንድሟ። አጎቴ እንጦጦ ላይ፣ ከማርያም ጀርባ፣ ሚስቱ ከሞተችበት ጀምሮ ብቻውን የሚኖር ድንች አምራች ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎመን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይወርድልናል። በቀረው ቀን በስልክ ይጮኻሉ። «ሞቷል፣ አፈር በልቶታል፣ አርፈሽ ተቀመጪ» ይላታል። እሷ ደግሞ ድሮም ትምህርት አይገባህም ትለዋለች። ሁለቱ በሕይወታቸው እወድሃለሁ እወድሻለሁ ሲባባሉ ሰምቼ አላውቅም፤ ፍቅራቸው ሙግት ነው። እኔ ግን ያኔ የሚታየኝ ራስ ምታቱ ብቻ ነበር።

ከዚያ እናቴ የዐይን ሞራዋ ተገፈፈላት። አንዱ ዐይኗ በፋሻ ተሸፈነ፤ የሌላኛው ሞራ ገና አልተነሣም። ሐኪሙ እንዳትጎነበስ፣ ዐይኗን እንዳታሽ፣ እንዳትጨናነቅ አዘዘ። ድራማውን ማየት ስላልቻለች የእሷ ዐይን እኔ ሆንኩ። ከሥራ ስገባ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ትጠራኛለች። የቀብሩን ቪዲዮ በስልኬ ከፍቼ፣ እያቆምኩ፣ እየመለስኩ፣ ያየሁትን እነግራታለሁ። የፊተኛው ተሸካሚ ፊቱን አጨማደደ ወይ? ሚስቱ መሐረቧ ረጥቧል ወይ? ያንን መርማሪ ስንት ጊዜ እንደ ቀበርኩት እግዚአብሔር ይቁጠረው።

ቀዶ ጥገናው በሆነ በስድስተኛው ቀን፣ ሰኞ ረፋድ ላይ፣ አጎቴ ድንቹን ሲኮተኩት እዚያው ወድቆ ቀረ። ልቡ ነው አሉ። ስልኩ የመጣው ለእኔ ነው። እንጦጦ ስደርስ ዘመድ ተሰብስቦ፣ አንድ ሽማግሌ ዘመዳችን መሃል ተቀምጠው ነገሩን ወስነውታል። ካለቀሰች ዐይኗ ይጠፋል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ደህና ናት እስኪል መርዶው ይቆይ። «አንተ አብረሃት ነህ፤ ፊትህን ጠብቅ» አሉኝ። ሱባኤ ገብቷል፣ ስልኩን አጥፍቷል እንድንላት ተስማማን። እኔም እሺ አልኩ። ማን አስገደደኝ?

ማክሰኞ ቀበርነው። ዝናቡ አድሮበት መንገዱ ጭቃ ነበር። ወደ እንጦጦ ፓርክ የሚወጡ መኪኖች ከኋላችን ጥሩምባ እየነፉ፣ ስድስት ሆነን ትከሻ እየተቀያየርን ዳገቱን ወጣን። አጎቴ ቀጭን ሰው ነበር። እንዲያ ይከብዳል ብዬ አልጠበቅኩም። አንገቴ ወደ ግራ እንደ ተጣመመ ዋለ።

ማታ ጫማዬን ውጭ አጥቤ ገባሁ። ገና በሩን ስዘጋ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ትሸታለህ አለችኝ። ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር ፓርክ ሄደን ነበር አልኳት። ከዚያ የፈራሁት መጣ፤ እስቲ ያን ቀብር ክፈትልኝ፣ ትከሻቸውን እይልኝ አለች። ደክሞኛል ብላት፣ አንድ ጊዜ ብቻ አለችኝ። አንዱን በፋሻ የታሰረ፣ አንዱን ጭጋግ የለበሰ ዐይኗን ወደ እኔ አዙራ ስትጠብቅ አንጀቴን በላችው። ከፈትኩት። ስድስት ኮት የለበሱ ሰዎች አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ይራመዳሉ። ያን ሁሉ ቀን ያላየሁትን ያን ማታ አየሁት።

«ባዶ ነው፣ እማዬ» አልኳት። «ሰው ያለበት ሣጥን ሥር የገባ አንገቱ እንዲህ ቀጥ አይልም።»

ሳቀች። የተሸፈነ ዐይኗን በመዳፏ ይዛ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። «ረታሁት! ለዚያ ወንድሜ ደውልልኝ፣ አንተው ንገረው» አለች። ሱባኤው አልተፈታም አልኳት። ሲወጣ ግን ከአፍህ እንዲሰማው እፈልጋለሁ ብላ፣ በዚያው ሳቋ ተኛች። እኔ እሷ ላይም፣ መርማሪው ላይም፣ ሽማግሌው ላይም ደሜ ፈልቶ ሳሎን ቁጭ አልኩ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የእኛ ግን እያደር ከበደ። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። እድርተኛው ያውቃል፣ ባለሱቁ ያውቃል፣ ንስሐ አባቷ ያውቃሉ። ሊጠይቋት የሚመጡት ሁሉ ዝም ካሉ የሚያመልጣቸው ስለሚመስላቸው ገና ከመቀመጣቸው መርማሪውን ያነሣሉ። በሕይወቱ ድራማ አይቶ የማያውቀው የእድሩ ሰብሳቢ እንኳ፣ የሣጥኑ ክዳን ቀዳዳ ቢኖረው ሰው ስንት ሰዓት ይተነፍሳል እያለ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ተከራከረ። ጎረቤታችን በየቀኑ አዲስ ግምት ፈጥራ ትመጣለች። እኔ ራሴ ሁለት ፈጥሬአለሁ። እናቴ እንዲህ ደስ ብሏት አታውቅም፤ በመጨረሻ አገር ሁሉ የሚናገረው ስለ እሷ ጉዳይ ሆነላት። የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው፤ ለሦስት ሳምንት ስንዋሻት፣ የሦስት ሳምንት ደስታ ሰጠናት።

ሐኪሙ ፋሻውን አንሥቶ ዐይኗ ድኗል አለ። በማግሥቱ ገና ሳይነጋ መርዶ ነጋሪዎቹ መጡ። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢውን ሞሉት። እናቴ በሩን የከፈተችው ራሷ ናት። በዳነው ዐይኗ አንድ በአንድ አየቻቸው። ሽማግሌው ወንድምሽ አርፏል፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ አሏት።

ሴቶቹ ሊይዟት ተጠጉ። አልወደቀችም። በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አለችና መጠየቅ ጀመረች። የት ሞተ? ማን አገኘው? ማን ገነዘው? ሽማግሌው አሁን አልቅሺ እንጂ ልጄ ቢሏትም አልሰማቻቸውም። መዝገብ ቤት ባለጉዳይ እንደምታስተናግድ ድምፅዋን ሳታነሣ ቀጠለች። ማን ተሸከመው ስትል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

እኔ ነኝ አልኳት።

«መቼ?»

«የዛሬ ሦስት ሳምንት። ማክሰኞ።»

በጣቶቿ ወደ ኋላ ቆጠረች። ቀኑን እየፈለገች እንደ ሆነ ገባኝ። ቤት ውስጥ ቀኑ ሁሉ አንድ ሆኖባት ነበር፤ ፋሻ ያሰረ ሰው ማክሰኞን ከረቡዕ በምን ይለያል? የጎረቤታችን እጅ ትከሻዋ ላይ ነበር። ሽማግሌው መቋሚያቸውን ይዘው መሬት መሬት ያያሉ።

«እሱ ሲቀበር፣ በዚያ ቀን እኔ ምን እያደረግሁ ነበር?» አለችኝ።

ሁሉም አየኝ። ጎረቤታችን ከእናቴ ጀርባ ሆና በዐይኗ ለመነችኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አፌ ውሸት ለምዷል፤ አንድ መጨመር ምንም አልነበረም። እኔ ግን ውሸቱ በቅቶኝ ነበር።

«ስትስቂ ነበር» አልኳት። «እኔ ነኝ ያሳቅኩሽ።»

እሪታዋን ያን ጊዜ ለቀቀችው። ግቢው አብሯት ተነሣ። እናቴ ደረቷን እየመታች ወንድሜ ሲቀበር ሳቅሁ፣ ወንድሜ ሲቀበር ሳቅሁ እያለች ሙሾ አወረደች፤ አልቃሾቹም ሌላ ግጥም ስላልነበራቸው ያንኑ ተቀበሏት። እኔ በሩ ሥር ቆሜ ቀረሁ። ጎረቤታችን ከመሃል ወጥታ ክንዴን ጨብጣ ወደ ጥግ ሳበችኝ።

«ተኝተሽ ነበር ማለት አቅቶህ ነው?» አለችኝ፣ ፊቷ በእንባ ርሶ።

«አዎ» አልኳት፣ «አቅቶኝ ነው።»