ሰንበሌጧ ያረፈችበት ገጽ

ልጅ እያለሁ መጽሐፍ የሚሳም ነገር ነበር። እኛ ቤት የገባ መጽሐፍ ሁሉ አስቀድሞ ግንባርና ከንፈር ይነካል፤ የሚገለጠው ከዚያ በኋላ ነው። አባቴ ደብረ ብርሃን ላይ መሪጌታ ስለነበሩ የቤታችን መጻሕፍት ሁሉ የብራና ነበሩ። ከነማኅደራቸው ግድግዳው ላይ ተንጠልጥለው የቆዳና የጧፍ ሽታ ይሸቱ ነበር። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ከሁላችንም አብልጣ የምትስማቸው እሷ ነበረች። መጽሐፍ ከእጃችን ሲወድቅ ካየች ሕፃን የወደቀ ያህል ደንግጣ ነበር የምትሮጠው።

ታላቅ እህቴ አስካለ ከመንግሥት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የመጀመሪያውን መጽሐፍ ተውሳ የመጣች ዕለት፣ እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ተቀበለቻትና እንደ ልማዷ ሳመችው። ስለ አንድ ሆዳም ጅብ የሚያወራ የተረት መጽሐፍ ነበር። እትዬ አስካለ እኔን አየችኝ፣ እኔም እሷን አየኋት፤ ሳቃችን ሳያመልጠን ወደ ጓሮ ሮጥን። ከዚያ ወዲያ እናቴ ያልሳመችው የለም። ጅቡንም ሳመች፣ ሽፍታውንም ሳመች፣ በሚስቱ የሚደበደበውንም ባል ሳመች። እኛም አንድ ቀን እንኳ ምን እየሳመች እንደሆነ አልነገርናትም፤ ደስ ይለን ነበር።

ቤተ መጻሕፍት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጫፍ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የቆሙ ሁለት ቁም ሳጥኖች ናቸው፣ በቃ። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይከፈታሉ። መምህር ተክሌ፣ ቁልፉን በሲባጎ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉት ሰውዬ፣ መጽሐፍ ከመስጠታቸው በፊት “እጅ!” ይላሉ። ተማሪው ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ገልበጥ አድርጎም ያሳያል። ያደፈ እጅ ይዞ የመጣ ታጥቦ ይመለሳል። በደብረ ብርሃን ብርድ በዚያ በረዶ በሚመስል ውሃ መታጠብ ምን ማለት እንደሆነ የቀመሰው ያውቀዋል። እትዬ ጣቶቿ ቲማቲም መስለው፣ መጽሐፉን በነጠላዋ እንደ ጨቅላ አቅፋ ስትመጣ በር ላይ ቆሜ እጠብቃት ነበር።

ቅዳሜ ጧት ውርጩ ሲለቅ፣ ፀሐይ ቀድማ የምትመታው የቤታችን ግድግዳ ሥር እንቀመጣለን። የመንዝ ባና ጉልበታችን ላይ ጣል እናደርጋለን፤ የገብስ ቆሎ መሐላችን ይቀመጣል። የሞቀው የግድግዳ ጭቃ ጀርባችንን ይዳብሰናል። ያን ጊዜ እኔ ገና ከፊደል ጋር ትግል ላይ ስለነበርኩ የምታነብልኝ እሷ ናት። በደሴ መንገድ የሚያልፍ የጭነት መኪና እያጓራ ሲመጣ ንባቧን አቁማ፣ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ፣ እስኪያልፍ ትጠብቃለች። ከዚያም ካቆመችበት ሳይሆን ትንሽ መለስ ብላ ትጀምራለች፤ ጣዕሙ እንዳይቋረጥብኝ ብላ ነው።

አንድ ሕግ ነበራት፤ እኔን ትታ ወደፊት አታነብም። “ብቻዬን ባነበው ምኑ ይጣፍጠኛል?” ትላለች። ስናቆም ከጣራችን ክዳን አንዲት ሰንበሌጥ መዝዛ ገጹ ላይ ታስገባና ትዘጋዋለች። ሰንበሌጧ ያለችበት ገጽ የሁለታችን ናት፤ ማንም አያልፋትም። እኔ ተደብቄ ልገልጥ ብሞክር እንኳ የማነብበት ዓይን ስላልነበረኝ፣ ሕጉን ማክበር ለእኔ አልከበደኝም።

ከሁሉም የበለጠው መጽሐፍ ሽፋኑና የመጀመሪያ ገጾቹ ተገንጥለው የጠፉ፣ በጋዜጣ የተለበደ ነበር። ስሙን እሷም አታውቀውም። “የበቅሎዋ መጽሐፍ” ነበር የምንለው። የጠፋች በቅሎውን ፍለጋ አገር ላገር የሚንከራተት ሰውዬ ታሪክ ነው። ሰውዬው በደረሰበት ከተማ ሁሉ በቅሎዋ ቀድማው አልፋለች፤ ጥፋት ሠርታ ነው የምታልፈው። አንዱ ጋ የዳኛውን ባርኔጣ በልታ፣ ሌላው ጋ የሠርግ ድንኳን ገብታ ሚዜዎቹን በትና። ክሱ ለባለቤቱ ይተርፋል። እትዬ የዳኛውን ድምፅ ታወፍራለች፣ የሙሽራዋን ታቀጥናለች፣ ሰውዬው ሲለማመጥ ደግሞ እንደሱ አንገቷን ትሰብራለች። እኔ ቆሎው በአፍንጫዬ እስኪወጣ እስቅ ነበር። ሳቃችን እናቴ ከምትፈጭበት ጓዳ ድረስ ይሰማል፤ እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ “ምንድነው የሚያስቃችሁ?” ብላን አታውቅም።

ያን ክረምት እትዬን ሳል ያዛት። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ መምህር ተክሌ መጽሐፉን ይዛ እንድትከርም ፈቅደውላት ነበር። ጸበሉም፣ ፌጦውም፣ የክሊኒኩም መርፌ ተሞከረ። ሳሉ ግን ደረቷን እየቦረቦረ ሄደ። ፀሐይ የምንሞቅባት ግድግዳ ዝናብ ሲወርድባት ይውላል፤ እኛ የምናነበው አልጋው ላይ ሆነ። በፊት ምዕራፍ ሙሉ የምታነብልኝ ልጅ አንድ ገጽ ላይ መድከም ጀመረች፣ ከዚያ ግማሽ ገጽ ላይ። የዳኛው ወፍራም ድምፅ ከቀጭኑ የሙሽራዋ ድምፅ የማይለይ ሆነ።

መጨረሻ ላይ ሰውዬው አንድ ወንዝ ዳር ደረሰ። ወንዙ ሞልቷል፣ እየመሸ ነው። ቀና ቢል በቅሎዋ ከማዶ ቆማ ታየዋለች። ጆሮዋን አቁማ፣ አንተንማ ስጠብቅህ ነበር የምትል ይመስል። እትዬ እዚያ ላይ አቆመችና ሰንበሌጧን አስገባች።

“እትዬ፣ ተሻገረ?” አልኳት።

“እኔ ምን አውቄ። ነገ አብረን እናያለን።”

በማግስቱ ድምፅዋ አልወጣ አለ። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ሁለት እጇን ደራርባበት ትተኛ ነበር። እናቴ ልብሷን ስትቀይርላት ብቻ ታነሳዋለች፤ ስማ መልሳ ታስቀምጥላታለች። መስቀል ሳይብት እህቴ ሞተች።

በዚያ ዘመን በካህናት ቤት ሟች ደረቱን ባዶ አይቀበርም ነበር፤ የጸሎት ክታብ ከመግነዙ ውስጥ ይደረግለታል። አባቴ ለስንቱ ጎረቤት ሲጽፉ ኖረው ለገዛ ልጃቸው ግን መጻፍ አቃታቸው። ብዕሩን ቀለም ውስጥ እየነከሩ ብራናውን በነጠብጣብ አበላሹት። ጊዜው ደረሰና ወሰዷት። ከቀብር መልስ፣ ቤቱ በለቅሶተኛ እንደተሞላ፣ አባቴ “ልጄን ባዶ እጇን ሰደድኳት” ብለው ሲንሰቀሰቁ እናቴ ጠጋ አለቻቸው።

“አይዞዎት፣ መጽሐፏን አስይዣታለሁ” አለቻቸው።

አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። የትኛው መጽሐፍ እንደሆነ እሳቸውም ገባቸው፣ እኔም ገባኝ። በኋላ ወደ ጓሮ ወሰዱኝና ጭንቅላቴን በጋቢያቸው ሸፍነው፣ “ሙሉዬ፣ ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ። ጸሎት ይዛ ሄደች ብላ ነው የተጽናናችው። ይቺን አንነጥቃትም” አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ። ለእህቴ እንዳለቀስኩ ለበቅሎዋም አለቀስኩ። የትኛው ለቅሶ ለማን እንደሆነ ለይቶ የሚያውቅ ልጅ የለም።

ትምህርት ቤቱ ሲከፈት አባቴ እጄን ይዘው ወደ መምህር ተክሌ ሄዱ። ከተማሪነታቸው ጀምሮ ከትከሻቸው ያልተለየችውን፣ በገዛ እጃቸው የጻፏትን ትንሽ የብራና የጸሎት መጽሐፍ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። መምህሩ ነገሩን ሲሰሙ ተነሥተው ቆሙ፤ “የኔታ፣ እባክዎ ይህንንስ አልቀበልም፣ የኛው እንዲያው ተረት ነበር” አሉ።

“መጽሐፍ የሚተካው በመጽሐፍ ነው” አሉ አባቴ። በኋላ እኔም ማንበብ ችዬ፣ እጄን ታጥቤ ዓርብ ዓርብ ስሄድ፣ ያቺ ብራና ከታተሙት መጻሕፍት መሐል ቆማ አያት ነበር። ማንም አይዋሳትም።

አድጌም አዲስ አበባ ገብቼ ባየሁት ቤተ መጻሕፍት ሁሉ፣ ሽፋኑ የጠፋ አሮጌ መጽሐፍ ካየሁ እገልጣለሁ፤ በቅሎ እፈልጋለሁ። በየመጽሐፍ ተራው ከአዟሪዎች ጋር ተሟግቻለሁ። “ስሙ ማነው እቴ?” ይሉኛል። አላውቀውም። በዚህ ሁሉ ዓመት ከአባቴ ጋር የገባሁትን ቃል ጠበቅኩ፤ አባቴም ምስጢሩን ይዘው ሞቱ።

እናቴ እርጅና ከአልጋ ያዋላት ጊዜ፣ አንድ ዝናባማ ከሰዓት አጠገቧ ተቀምጬ ሳለሁ፣ “ሙሉዬ፣ ያ እህትሽ ይዛው የሄደችው መጽሐፍ ምን ነበር የሚለው?” አለችኝ።

“ጸሎት ነዋ፣ እማዬ” አልኳት ቶሎ ብዬ።

“ተዪኝ እንግዲህ! ጸሎት እየደገመ እንደዚያ የሚስቅ ሰው አይቼ አላውቅም።”

“ታዲያ አውቀሽ ነው? ለምን?” አልኳት።

“ሰንበሌጧን አየኋታ። አልጨረሰችውም። ከጀመረችው ነገር ሁሉ አንዱን እንኳ ትጨርስ ብዬ ነው፤ ልጄ ምን የጨረሰችው ነገር አለ?” አለችና ቀጠለች፤ “አባትሽ የጸሎት መስሏት ነው ብለው ሲያዝኑልኝ ዝም አልኩ። አውቄ ተረት እንዳስያዝኳት ቢሰሙ መሪጌታው እንዴት ይሆናሉ? ለእኔ ብለው ዝም አሉ፣ እኔም ለእሳቸው። በይ አሁን ንገሪኝ።”

ነገርኳት። ዳኛውን አወፈርኩ፣ ሙሽራዋን አቀጠንኩ፤ እንደ እትዬ ግን አልሆነልኝም። ባርኔጣው ሲበላ እናቴ ሳቀች። እዚያ አልጋ ላይ፣ ጥርስ በሌለው አፏ፣ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች ሳቀች። ከዚያ ወንዙ ጋ ደረስን።

“ተሻገረ?”

“አላውቅም እማዬ። እዚያ ድረስ ነው ያነበበችልኝ።”

“እሷ መቼም እስካሁን ጨርሳዋለች። ስሄድ እጠይቃታለሁ” አለች። ብዙም ሳትቆይ ሄደች።

አሁን ያ ግድግዳ የለም፤ ቦታው ላይ ፎቅ ተሠርቶበታል። የልጅ ልጄ መጻሕፍቷን ሁሉ በአንዲት ስልክ ይዛ ትዞራለች፤ ጆሮዋን በማዳመጫ ደፍና፣ ሶፋው ጥግ ለብቻዋ ታነባለች፣ ለብቻዋም ትስቃለች። እጇንም የሚያይባት የለም። ደግ ልጅ ናት፤ አንድ ቀን የበቅሎዋን ነገር ስነግራት፣ “እማማ ስሙን ብቻ ንገሪኝ፣ አሁኑኑ አወጣልሻለሁ” አለችኝ። ስም እንደሌለው ስነግራት አዘነችልኝ። ስልኳን አስቀምጣ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች፤ እኔም ባናውን የሁለታችን ጉልበት ላይ ጣል አደረግኩት።

እትዬ ጨርሳዋለች። እናቴም ጠይቃ ሰምታለች። ሰውዬው ይሻገር አይሻገር የማላውቅ፣ ሰንበሌጧ ያለችበት ገጽ ላይ የቆምኩ፣ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ።