ሚስቱን ፍለጋ ሙዚየም የመጣው ሰው

ረሃቡ ሲገባ መካነ ሰላም አስተማሪ ነበርኩ። ተማሪዎቼ አንድ ሁለት እያሉ ከክፍል ጠፍተው ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ፣ እኔንና ሌሎች ሁለት መምህራንን በከተማው ጫፍ ወዳለ የእህል መጋዘን ላኩን። መጋዘኑ እህል አልነበረውም፤ ሰው ነበር የሞላው። ሥራችን አጥሚት ማደል ነበር። ለሁሉም ደርሶ አያውቅም።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ አንድ ፎቶ አንሺ መጣ። ትሑት፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ብዙ ከዞረ በኋላ ግድግዳ ተደግፋ በተቀመጠች ሴት ፊት ቆመ። ሴትዮዋን አውቃታለሁ፤ ከከላላ ገጠር በእግሯ የመጣች ናት። ያን ዕለት ጠዋት ሕፃን ልጇ ሞታባት፣ መገነዣ ስላልነበረን የገዛ ሻሿን ፈትታ በሱ ጠቅልላ ሰጥታናለች። አሁን ጸጉሯን በሁለት እጇ ሸፍና አቀርቅራ ነበር።

“ፊቷ አልታይ አለኝ፤ እባክሽ ቀና እንድትል ንገሪልኝ” አለኝ ፎቶ አንሺው።

አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። “እህቴ፣ ቀና በይ። ይዩሽ።”

“ካዩኝ እህል ይልካሉ?”

“ይልካሉ” አልኳት።

እጇን አወረደችና ቀና አለች። በሦስተኛው ቀን ሞተች። እህል የጫነ መኪና የመጣው ከሳምንት በኋላ ነው።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ንጉሡ ወረዱ፤ እኔም ወደ ደሴ ተዛወርኩ። እዚያ ከመኳንንቱ ከአንዱ የተወረሰ ትልቅ ቤት ሙዚየም ተባለና በአዳራሹ የረሃቡ ፎቶግራፎች ተሰቀሉ። ‘በዓይንሽ ያየሽ ነሽ’ ተብዬ ለጎብኚ እንዳስረዳ ተመደብኩ። ኃላፊያችን በዕድሜ ከኔ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሰብስቦን “ይህ ኤግዚቢሽን ስለ ረሃብ ብቻ አይደለም፤ ስለ ማየት ነው” አለን። “መኳንንቱ አይተው እንዳላዩ አለፉ። ሕዝቡ ግን ያያል።” አመንኩት። ንግግሩ ደስ ብሎኝ አጨበጨብኩ።

አዳራሹ ውስጥ ስገባ ግን በቀኝ በኩል አራተኛዋ እሷ ነበረች። ፎቶዋ ከኔ ቁመት ይበልጣል። ከሥሩ ‘እናት፣ ወሎ’ ይላል፤ ሌላ ምንም የለም። ዱላ ይዤ እያመለከትኩ ማስረዳት ነበረብኝ። እሷ ጋ ስደርስ ዱላዬን ሳላነሳ ቶሎ ወደ አምስተኛው አልፍ ነበር።

ሰው ይጎርፍ ነበር። የሚያለቅሱ ሴቶች ነበሩ። የመሥሪያ ቤት ሰዎች ኮታቸውን ቆልፈው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይዞሩ ነበር። የትምህርት ቤት ልጆች ወደ አንዱ ፎቶ ተጠግተው የጎድን አጥንት ሲቆጥሩ፣ ሲሳሳቱም እንደገና ሲጀምሩ ሰምቻለሁ። አልከለከልኳቸውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በፊት አንድ ገበሬ ገባ። አርባ ዓመት ይሆነዋል፤ ትከሻው ላይ ፎጣ ጥሏል። “አሰላሙ አለይኩም” ብሎ ማንንም ሳይጠይቅ ከመጀመሪያው ፎቶ ጀመረ። ፊት ፊቱን ብቻ ነበር የሚያየው። አራተኛው ጋ ሲደርስ ቆመ። በጣም ስለቆየ ሄድኩ።

“አባቴ፣ ላስረዳዎት?”

“ይቺ የኔ ናት” አለኝ።

እሱ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ዝናቡ ሲቀር የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ አዋሽ ጥጥ እርሻ ወርዶ ነበር። ወባ ጣለው፤ ብዙ ቆይቶ ሲመለስ ቤቱ ባዶ ነው። መካነ ሰላም ድረስ ፈልጓት ሲሄድ የመጋዘኑ ዘበኛ ሞታለች አለው፤ ደሴ ፎቶዋን አየሁ ያለ ሰው እንዳለም ነገረው። መቃብሯን እንኳ ሳይጠይቅ በእግሩ ወረኢሉ፣ ከወረኢሉ በጭነት መኪና ደሴ ገባ።

“ሻሿስ? ወላሂ፣ ያለ ሻሽ ከቤት ወጥታ አታውቅም።”

“ልጅቷን ጠቅልላበት ነው” አልኩት። መሞቷን ላያውቅ እንደሚችል የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

“ልጅቷን?” ዞሮ አየኝ። “ነፍሰ ጡር ነበር የተውኳት። ሴት ናት የወለደችው?”

“ሴት ናት።”

ፎጣውን ከትከሻው አወረደ፣ በእግሩ ጣት ተንጠራርቶ በፎቶው የላይኛው ጠርዝ ላይ ጣለው። ፎጣው ከራሷ እስከ አንገቷ ሸፈናት።

ኃላፊው ከቢሮው እየሮጠ መጣ። “ምንድን ነው ይሄ? ማነው የሸፈነው?”

“እኔ ነኝ ጌታው። ሚስቴ ናት። ያዩዋት ይበቃል።”

ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። “አባባ፣ እዚህ የሰቀልናት ሕዝብ እንዲያያት ነው። ምስክር ናት። መኳንንቱ የደበቁትን ነው ያወጣነው።”

“እሷን ማን ደበቃት?” አለ ሰውየው። “ከከላላ እስከ መካነ ሰላም መንገድ ዳር ነበረች።”

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። “አውርጂው” አለኝ።

አወረድኩት። እምቢ ብዬ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አወረድኩት። አጥፌ በሁለት እጄ ሰጠሁት። ትከሻው ላይ መልሶ ጣለና ወጣ።

በሩን ሲያልፍ ሮጬ ደረስኩበት። “ቀና በይ ያልኳት እኔ ነኝ” አልኩት። “አንገቷን ደፍታ ነበር። ጸጉሯን ሸፍና ነበር። እኔ ነኝ ያስነሳኋት።”

ቆመ። “ምን አለችሽ?”

“ካዩኝ እህል ይልካሉ ወይ አለችኝ።”

“አንቺስ?”

“ይልካሉ አልኳት።”

“ላኩ?”

“አልደረሰላትም።”

ሊቆጣኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። “አላህ ይርሐማት” አለና የት እንደተቀበረች ጠየቀኝ። ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ከወንዙ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ እንደሆነ ነገርኩት። አንድ ሼክ በየቀኑ እየመጡ የሙስሊሞቹን አስከሬን ለብቻ፣ ፊታቸውን ወደ መካ፣ ወደ ቂብላ አድርገው ያስቀብሩ ነበር። “ልጅቷም እዚያው ናት” አልኩት። “የትኛው መቃብር እንደሆነ ግን አላውቅም።”

“እናቷንስ በከፈን ጠቀለላችኋት?”

“አልነበረም።”

ራሱን ነቀነቀና ቁልቁል ወደ መኪና ተራው ሄደ።

በማግስቱ ፎቶዋ እንዲወርድ ኃላፊውን ለመንኩት። “አንቺም የማየት ጉዳይ አልገባሽም” አለኝ። ወር ሳይሞላ ፎቶግራፎቹ በሣጥን ታሽገው ለሌላ ከተማ ተጫኑ፤ እሷም አብራ ሄደች። የት የት እንደተሰቀለች አላውቅም። እኔም ጠይቄ ወደ ማስተማሩ ተመለስኩ።

በክረምቱ ዕረፍት መካነ ሰላም ሄድኩ። ዘበኛው መጋዘኑ በር ላይ እንደ ድሮው ተቀምጦ አገኘሁት፤ ከከላላ የመጣ ሰው አይቶ እንደሆነ ጠየቅሁት።

“ተመልሶ መጥቶ ነበር” አለኝ። “የትኛዋ ናት ቢለኝ ምን ልበለው? ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። እስከ አሱር ሶላት ተቀመጠ፤ ለሁሉም ዱዓ አድርጎ ሄደ።”

ተዳፋቱ ላይ ወጣሁ። ዝናቡ አፈሩን አጥቦት ክምሮቹ ከመሬት ጋር እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ከታች ጭቃው ውስጥ ላም የምትነዳ ሴት ቀና ብላ አየችኝና መንገዷን ቀጠለች።