የራህመት አንድ አምስተኛ

ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው፣ እዚሁ ቡታጅራ። የልጅ ልጄ ሀያት ከዩኒቨርሲቲ መጥታ ለሰፈሩ ልጆች ሒሳብ ታስጠናለች። የጎረቤቴ ልጅ ራህመት ድጋሚ ፈተናውን ካላለፈች አምስተኛ ክፍልን ልትደግም ነው።

«አንድ ቆጮ አራት ሰው እኩል ቢካፈለው፣ ለእያንዳንዱ ስንት ይደርሰዋል?» አለቻት ሀያት።

«አንድ አምስተኛ፣ ቲቸር።»

ሦስት ቀን ጠየቀቻት፤ ሦስቱንም ቀን መልሷ ያው ነው።

«አያቴ፣ ይህቺን ልጅ አልቻልኳትም፤ ልተዋት ነው» አለችኝ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን ራህመትን ጠርቼ «የኔ ልጅ፣ አምስተኛው ቁራሽ የማን ነው?» አልኳት።

«የእንግዳ ነዋ። ሰው ቢመጣስ?»

ሀያት ቆጮውን ትታ ጥያቄውን በእርሳስ አደረገችው። ለእርሳስ ብሎ የሚመጣ እንግዳ የለም። ራህመት አልፋ ስድስተኛ ገባች፤ ሀያትም ወልቂጤ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች።