የከድር ብየዳ

ጎረቤቶቼ ልብስ በሚያሰጡበት በረንዳ ላይ እኔ የብስክሌት ፍሬም ሰቅያለሁ። ጎማ የለው፣ ፔዳል የለው፤ ባዶ ብረት ነው። የልደታ ኮንዶሚኒየም ሰው ለዓመታት ሲያየው ኖሮ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። መጽሐፍ የሚያበዛ ሰው ትንሽ ነካ ቢያደርገው አይገርምም ብለው ትተውኛል መሰለኝ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው ናሆም በሬን አንኳኳ።

ናሆም አሮጌ የብረት ብስክሌት ከሚሰበስቡት ወጣቶች አንዱ ነው። እነዚህ ልጆች «በእጅ የተሠራ» ሲሉ ድምፃቸው እናቶቻችን «ጠበል» ሲሉ እንደነበረው ይሆናል። ብረት የሚሠሩ ሰዎችን በሕይወት ሳሉ ምን እንዳደረግናቸው ስለማውቅ ይህ ፍቅር ያስቀኛል። ናሆም ጫማውን አውልቆ ገባ፣ አውራ ጣቱን በመጋጠሚያዎቹ ላይ አሳለፈና «ጋሼ፣ ይሄ የማን እጅ ነው?» አለኝ።

የጋሽ ከድር እጅ ነው።

ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ጠመንጃ ያዥ የሚባለው ነበር። የጋሽ ከድር ብየዳ ቤት ከወፍጮ ቤቱ ጎን ነበረች፤ ከአንዱ በኩል የበርበሬ፣ ከሌላው በኩል የካርባይድ ሽታ ይመጣል። የብየዳው ጋዝ የሚወጣበት ካርባይድ የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት ነው የሚሸተው። እኛ ግን ከትምህርት ቤት ስንመለስ የምንነዳውን ቸርኬ እዚያው አቁመን ያንን ሽታ እንደ ሽቶ እንምገው ነበር። ጋሽ ከድር ከምናለሽ ተራ፣ ከአሮጌ ብረት መሐል መርጦ ያመጣውን ቱቦ በጣቱ ቀለበት መታ መታ ያደርግና ጆሮውን ያስጠጋል። «ይሄ ይዘፍናል። ያኛው ያስላል» ይላል። የሚያስለውን አይነካም። የሚዘፍኑትን በነሐስ ያጋጥምና ሙሉ ቀን በሞረድ ሲያሻቸው ይውላል። ሲጨርስ አንዱ ቱቦ የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ ዓይን አያገኘውም። ጣት ብቻ ነው የሚያገኘው፤ እሱም ከቸኮለ ያልፈዋል።

ተሠርቶ የተቀመጠ ብስክሌት አይሸጥም። ልጁ በባዶ እግሩ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ ጋሽ ከድር እግሩንና ክንዱን በሲባጎ ይለካና ቁመቱን ከነስሙ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ይጽፋል። ስሙ እዚያ ግድግዳ ላይ ያልተጻፈ ልጅ እኛ ዘንድ ገና አልተወለደም።

የልጅነት ትዝታ ሲጻፍ ያኔ ሰው ሁሉ ደግ ነበር ይባላል። እኔ እዚያው ነበርኩ።

ስድስተኛ ክፍል አንደኛ ስወጣ አባቴ እጄን ይዞ ወደ ጋሽ ከድር ወሰደኝ። አባቴ አቶ ታደሰ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ሰፈር ውስጥ ክራቫት የሚያስር እሱ ብቻ ነው። የእኔ ዘመን ሰው «ያድግበታል» የምትለዋን ቃል አይረሳትም። ዩኒፎርማችን ሲሰፋ እጅጌው እስከ ጣታችን ጫፍ ይደርሳል፣ አዲስ ጫማችን ጫፉ ላይ ጋዜጣ ይጠቀጠቅበታል። ልብሱ ልካችን የሚሆነው ሊቀደድ አንድ ወር ሲቀረው ነበር።

«ሰፋ አድርገህ ሥራው፣ ያድግበታል» አለ አባቴ።

ጋሽ ከድር ሲባጎውን እንደያዘ ቀና አለ። «ጋሽ ታደሰ፣ ብስክሌት እኮ ኮት አይደለም። እጅጌው አይታጠፍም።»

«ልጅ ነው። ነገ ይመዘዛል።»

ጋሽ ከድር የእጄን አንጓ በሁለት ጣቱ ያዘ፣ ጉልበቴን ዳሰሰ። ክፋት አልነበረበትም፤ ቱቦ እንደሚያይ ነበር ያየኝ። «አይቀየሙኝና ይሄ ልጅ ብዙ አይመዘዝም። በልኩ ልሥራለት። ኮርቻውን እያነሳሁለት እስከ ጉልምስናው ይነዳዋል።»

በር ላይ የቆሙት ሳቁ። ከሁሉም በላይ የሳቀው የክፍሌ ልጅ ሽመልስ ነበር። የአባቴ ጆሮ ቀላ።

«አንተ በያጅ ነህ ሐኪም?» አለና ጫማውን አወለቀ። ከነክራቫቱ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቆመ። «በኔ ልክ ሥራው። የኔ ልጅ እኔን ነው የሚያክለው።»

ጋሽ ከድር ለካው። ምን ያድርግ።

ሲያልቅ ጥቁር ሰማያዊ ነበር። ያን ያህል ያማረ ነገር የራሴ ሆኖ አያውቅም፤ ያን ያህል ልደርስበት ያልቻልኩትም የለም። ለመውጣት ድንጋይ፣ ለመውረድ ግድግዳ ያስፈልገኝ ነበር። ስነዳ ፔዳሉ በየዙሩ ታች ሲደርስ ከእግሬ ይሸሻል። ሽመልስ ስም አወጣልኝ፤ ያድግበታል። «ያድግበታል መጣ! ድንጋይ አቀብሉት!» በዓመቱ መጨረሻ አስተማሪዎቹ ሳይቀሩ እውነተኛ ስሜን ለማስታወስ ቆም ይሉ ነበር።

አንድ እሑድ ሽመልስ ወደ ወንዙ የሚወርደው ቁልቁለት ራስ ላይ ቆሞ «ያድግበታል ይቺን አይሞክራትም» አለ። ሞከርኳት። ግማሽ መንገድ ላይ ፔዳሉ ከእግሬ አመለጠና ኮረኮንቹ ተቀበለኝ። ስነሳ ሁለት የፊት ጥርሶቼ አብረውኝ አልተነሱም። የፊት ጎማው እንደ ቂጣ ተጣሟል። የፍሬሙ ግን ቀለሙ እንኳ አልተላጠም።

«አልደረሰለትም እኮ!» ሽመልስ በሳቅ መሬት ላይ ይንከባለላል። «እናቱን ጥሯት፣ አዝላ ትውሰደው!»

ደሜን ተፋሁና ሳላስብ «ብየዳው ለቆ ነው» አልኩ።

ሳቁ ቆመ። አንድ ዓመት ሙሉ ስፈልገው የነበረውን ቃል አገኘሁ ማለት ነው።

አባቴ እየሮጠ መጣ። መጀመሪያ ጥርሴን አየ፣ ቀጥሎ ፍሬሙን። አገላበጠው፤ ጣቱን በየመጋጠሚያው አሳለፈ። ምንም አላገኘም። ምንም እንዳላገኘ እኔ አየሁ፤ ማየቴንም እሱ አየ። ከቦን የቆመው ሰው ደግሞ በማን ልክ እንደተሠራ ያውቃል። አባቴ ኮቱን አውልቆ ፍሬሙን ሸፈነውና ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሰማችሁ አይደል? ብየዳው ነው የለቀቀው» አለ።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ላይም ይህንኑ ደገመው። ጸሐፊና በያጅ ሲካሰሱ ማን እንደሚታመን ለማወቅ ዳኛ አያስፈልግም።

ጋሽ ከድር አልተከራከረም። የፈለገው የለቀቀውን ቦታ ማየት ብቻ ነበር። በራችን ድረስ መጣ። «ጋሽ ታደሰ፣ ልወቅስዎት አይደለም የመጣሁት። ፍሬሙን ብቻ ያሳዩኝ።» አባቴ በሩን ገርበብ አድርጎ «ለቆራሌው ሰጥተነዋል» አለው። ፍሬሙ እንደተሸፈነ ከራሱ በላይ፣ ኮርኒሱ ውስጥ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ጠበቀኝ። ፊት ለፊቴ ቁጢጥ ብሎ መጀመሪያ «ጥርስህን ያምሃል ወይ ልጄ?» አለኝ። ቀጥሎ ግን የመጣበትን ጠየቀኝ። «ከመሪው ሥር ነው ወይስ ከኮርቻው ሥር የለቀቀው? አልቆጣህም። የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ካወቅሁ ሌላ ልጅ አይወድቅም።»

ርቦኝ ነበር። ቤት ምሳ እየጠበቀኝ ነው። «ከመሪው ሥር» አልኩት።

«ከመሪው ሥር» ብሎ ደገመው፣ ትምህርት እንደሚይዝ ተማሪ።

ከዚያ በኋላ የሠራቸው ብስክሌቶች ሁሉ ከመሪያቸው ሥር እንቅርት አወጡ። ነሐሱን ይደርበዋል፤ አያምነውምና እንደገና ይደርበዋል። ሞረዱን ተወው፤ የሞረዱት ነገር ይሳሳል ብሎ ይመስለኛል። ያ ዓይን የማያገኘው መጋጠሚያ ቀረ። ብስክሌቶቹ ከበዱ፣ ልጆቹም ቀስ በቀስ ከሱቅ ወደሚገዛው ሄዱ። ጋሽ ከድር የመስኮት ፍርግርግ በያጅ ሆነ፤ ግድግዳው ላይ የነበረው ስማችንም በጭስ ተሸፈነ። ሰፈሩ በምትኩ ተረት አተረፈ። የማይጸና ነገር ሁሉ «የከድር ብየዳ» ተባለ። ወር ያልሞላው ጋብቻ የከድር ብየዳ፣ የሰካራም መሐላ የከድር ብየዳ። እኔም ብዬዋለሁ። ሰው በተሰበሰበበት፣ በሰው ሠራሽ ጥርሶቼ፣ አሳምሬ ነበር የምለው።

ፍሬሙን አላደግሁበትም። ጋሽ ከድር እንዳለው ነው የሆነው፤ የአባቴ ትከሻ ላይ ስደርስ ቆምኩ። አባቴ ሞተ፤ ይቺን ነገር ግን አንድም ቀን አላነሳንም። ቀጥሎ ጋሽ ከድር ሞተ። ለቅሶ ስደርስ ሴት ልጁ እጄን ይዛ «አንተ ነህ እንዴ! አባዬ እስከ መጨረሻው ‹ያ ልጅ ጥርሱ ዳነ?› ይለን ነበር» አለችኝ። ድኗል አልኳት። ከዚያ ሰፈሩ ሲፈርስ፣ ሠራተኞች ኮርኒሱን ሲያነሱ፣ ፍሬሙ ከነኮቱ ወረደ። ኮቱን ብል በልቶታል። ብረቱን ምንም አልነካውም።

ይህን ሁሉ ለናሆም ነገርኩት። ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር።

«የከድር ብየዳ?» አለ በመገረም። «አባቴ እኮ ሁሌ ይላታል! ሰውዬው በእውነት የነበረ አይመስለኝም ነበር።»

«ነበረ። ብየዳውም አልለቀቀም። ይኸው፣ በእጅህ ፈትሸው።»

ናሆም ፍሬሙን አውርዶ ብርሃን ላይ አገላበጠው። በጥፍሩ መታ መታ አደረገው፤ ብረቱ ዘፈነ። እግሮቹ መሐል አቆመው፤ ልክ ለእሱ የተለካ ይመስላል። «ጋሼ፣ አንድም ስንጥቅ የለውም! ይስጡኝ፣ ነፍስ ልዝራበት።» ውሰደው ልለው አፌን ከፍቼ ነበር።

«ከመሪው ሥር ግን» አለ፣ ጣቱን እዚያው ላይ አድርጎ፣ «ለማንኛውም ደረብ አድርጌ አስበይደዋለሁ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉን ነበር ትልልቆቹ። የንጋቱን እንጃ። ያኔ የአንድ ሰው እጅ እንዲጠፋ የተራበ ልጅ ሁለት ቃል በቃው። ዛሬ ብረቱ ራሱ እየዘፈነ ሲመሰክር የሚሰጠው መልስ «ለማንኛውም» ነው። ናሆም ክፉ ልጅ አይደለም፤ እኔ በእሱ ዕድሜ ከነበርኩት ይሻላል። ቢሆንም ፍሬሙን ከእጁ ተቀበልኩት። እስኪወጣ ጠብቄ ወደ ሚስማሩ መለስኩት። አባቴን የሚያክል ሰው ክንዱን ዘርግቶ ይደርስበታል። እኔ ወንበር ላይ ቆሜ ነው የሰቀልኩት።