ሰባት ዓመት ወደኋላ የፈረምኩት

ይህ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በመስከረም ወር ነው። ወረታ ግብርና ቢሮ ስሠራ ስንቱን ወረቀት ፈርሜያለሁ፤ ሳስበው እስካሁን ፊቴ የሚግልብኝ ግን አንዱ ብቻ ነው።

ሊና የምትባል የሩዝ ባለሙያ ከባሕር ማዶ መጥታ አብራን ትሠራ ነበር። አማርኛዋ የተሰባበረ ቢሆንም ከፎገራ ገበሬ ጋር ስትግባባ ማየት ያስቀናል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ ገብታ የታሸገ ፖስታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። አገሯ ምርጫ ደርሷል። እዚያ፣ ውጭ የሚኖር ዜጋ ቀድሞ ከተመዘገበ የድምፅ መስጫው በፖስታ ይላክለታል፤ ሞልቶ ይመልሳል። የእሷ አካባቢ ደንብ ደግሞ አንድ ምስክር ፖስታው ላይ ስሙን፣ ፊርማውንና ቀኑን እንዲያሰፍር ያዛል። ምስክር እንድሆናት ለመነችኝ።

"አባቴ ዘንድሮ ነው የሞተው" አለችኝ። "ልጅ ሳለሁ እጄን ይዞ ምርጫ ጣቢያ ይወስደኝ ነበር። ታሞ ተኝቶ እንኳ በስልክ መጨረሻ የጠየቀኝ 'ተመዝግበሻል?' ብሎ ነው።"

እኔም ደረቴን ነፋ አድርጌ፣ በምኮራበት የእጅ ጽሑፌ ስሜን ከነአያቴ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ፤ ቀኑንም አሰፈርኩ። አመስግናኝ ወጣች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ደብዳቤ ላረቅቅ ስል ዓይኔ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ካላንደር አረፈ። የእኛ ቀን በትልቁ፣ የፈረንጆቹ በትንሹ የታተመበት ነው። ክው አልኩ። ፖስታው ላይ ያሰፈርኩት የእኛን ቀን ነበር! መስከረምን "1" ብዬ፣ ዓመተ ምሕረቱንም እንደለመድኩት። በእነሱ አቆጣጠር ሊና ድምፅ የሰጠችው ከሰባት ዓመት በፊት፣ ያውም በጃንዋሪ ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ፖስታ ማን ይቀበላታል?

ስደውል ስልኳ አይሠራም። ያን ቀን ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ከገበሬዎች ጋር ውላ፣ በዚያው ወደ ባሕር ዳር አልፋ ፖስታውን ልትልክ ነው። ሌላ ወረቀት ይላክልኝ ብትል ደግሞ ጊዜው አይበቃም። ባጃጅ ይዤ በረርኩ።

ባጃጁ መንገዱ ያለቀበት ላይ አወረደኝ። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ውኃ ነው። ጫማዬን በእጄ ይዤ ግራ ቀኝ ስል ዘንግ የያዙ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አዩኝ።

"ምን ሁነህ ነው ልጄ? ሰው ታሞብህ ነው?"

"ኧረ አይደለም አባቴ፤ የፈረንጇን የምርጫ ወረቀት አበላሽቼባት ነው" አልኳቸው።

እጄን ያዙኝ። ጥልቀቱን በዘንጋቸው እየለኩ ውኃውን አስገቡኝ። ከጉልበቴ በላይ ነበር። እየሄድን ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው።

"ይኸን ያህል ርቃ ሳለች አገሯ ቦታዋን ጠብቆላታል በለኛ" አሉ። አነጋገሬ የዚያ አገር አለመሆኑን አውቀው ኖሮ፣ "አንተስ የምትመርጥ ተዚህ ነው ወይስ ተአገርህ?" አሉኝ።

ወደ ውኃው አቀረቀርኩ። ከደብረ ብርሃን ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኝ ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ተመዝግቤ አላውቅም። እዚህ "እኔ እንግዳ ነኝ"፣ እዚያ "አሁን የለሁበትም" እያልኩ ሁለቱንም ሸሽቻለሁ። ሽማግሌው ጥያቄውን አልገፉበትም፤ እጄን ግን አለቀቁም።

ሊናን ሩዙ ዳር ጭቃ በጭቃ ሆና አገኘናት። ስነግራት መጀመሪያ ፊቷ ጠቆረ፤ ፖስታውን አውጥታ ቀኑን ስታይ ግን ሳቋ አመለጣት፤ እየሳቀች ዕንባዋ ወረደ። መጻፊያ የሚሆን ደረቅ ነገር ስናጣ ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ።

"ጣፍ፣ ጣፍ፤ አትፍራ" አሉኝ።

የተሳሳተውን በአንድ መስመር ሰርዤ ትክክለኛውን ቀን ጻፍኩና አጠገቡ ፈረምኩ። ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ማኅተም ካላረፈበት ዋጋ የለውም ሲባል የኖርኩ ሰው ነኝና ልቤ አላመነም። ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሊና ስልኳን ይዛ እየሮጠች ቢሮዬ ገባች። ፖስታው ደርሷል፤ ድምፁም ተቀባይነት አግኝቷል። "አባቴ ቢኖር አሁን እደውልለት ነበር" ብላ አቀፈችኝ። አብረን አለቀስን፤ አላፍርበትም።

አሁን ሊና አገሯ ገብታለች። እኔ ወረታ ነኝ። የመራጮች ምዝገባ ሲጀመር በመጀመሪያው ቀን እዚሁ ተሰልፌ ካርዴን ወሰድኩ። ፎቶ አንስቼ ብልክላት በዚያው በተሰባበረ አማርኛዋ "ቀን ማን ጻፈ?" ብላ መለሰችልኝ። ብቻዬን ሳቅኩ።

ያ ስህተት እስካሁን ያሳፍረኛል። ግን ያን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር ከእፍረቱ ቀድሞ የሚመጣብኝ የሽማግሌው ሻካራ እጅ ነው። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም። አሥራ አንድ ዓመት እንግዳ ነኝ ባልኩበት አገር፣ እጄን ይዘው ያሻገሩኝ እሳቸው ናቸው።