ፊልጶስን ማውገዝ ያስጠላው አጣቢ

ሚክዮን በጥንቷ አቴና የሱፍ ልብስ አጣቢ ነበር። ልብሱን የሚያጠራው በከረመ ሽንት ውስጥ እየረገጠ ስለነበር ሸንጎው ወደሚሰበሰብበት ኮረብታ ሲወጣ ሰዎች ሽታውን ሸሽተው ግራና ቀኙን ይለቁለታል። እሱም ደስ ብሎት እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል።

በዚያን ዘመን የመቄዶንያው ንጉሥ ፊልጶስ የሰሜን ከተሞችን አንድ በአንድ ይውጥ ነበር። ይህን ንጉሥ እየደጋገመ የሚያወግዝ አንድ ተናጋሪ ከከተማው ተነሣ። ንግግሮቹ ስማቸውን ያገኙት ከተናጋሪው ሳይሆን ከተወገዘው ሰው ነው፤ «ፊልጶሳውያን» ተባሉ። ሦስት መቶ ዓመት አልፎ አንድ የሮማ ተናጋሪ ጠላቱን ሲያወግዝ ይህንኑ ስም ለራሱ ንግግሮች በቀልድ ተዋሰው። ከዚያ እንግሊዞች ዘንድ ደረሰ፤ ዛሬ አንድን ሰው በስም ጠርቶ አምርሮ ማውገዝ በቋንቋቸው «ፊሊፒክ» ይባላል።

ሚክዮን ንግግሩን መጀመሪያ የሰማ ዕለት ደሙ ፈልቶ ቤቱ ገባ። ጋሻውን አውርዶ ሲወለውል ሚስቱ ፊሊና አየችው።

«ማን ጠራህ?» አለችው።

«ይጠሩኛል።»

የጠራው የለም። ሕዝቡ አጨብጭቦ ወደ ገበያው ወርዶ ነበር።

ሦስት ዓመት ቆይቶ የሰሜኗ ከተማ ኦሊንቶስ በፊልጶስ ጦር ተከበበች። ሚክዮን ሙያውን የተማረው እዚያ፣ ስትራቶን ከሚባል አጣቢ ቤት ነው። የስትራቶንን ትንሽ ልጅ መሊታን በጀርባው ያዝላት ነበር። ሸንጎው ስለ ኦሊንቶስም ተናገረ፤ ተናግሮ ተናግሮ ርዳታው ሲደርስ ከተማይቱ ፈርሳ፣ ሕዝቧ በባርነት ተሸጦ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ሴት የጎረቤቱን የካሊፎንን ልብስ ተሸክማ መጣች። ካሊፎን በቅርቡ ከመልእክተኞች ጋር ወደ መቄዶንያ ሄዶ ተመልሷል። አነጋገሯ የኦሊንቶስ ነው።

«የማን ልጅ ነሽ?» አላት ሚክዮን።

«የአጣቢው የስትራቶን።»

ልብሱን ከመሊታ እጅ ተቀበለ፤ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ስትሄድ ግድግዳ ተደግፎ አስመለሰው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሽንቱ ሽታ አስመልሶት አያውቅም።

ወዲያው ወደ ካሊፎን ደጅ ሄደ።

«ልቀቃት፣ ወንድሜ። የሰው ልጅ ናት፤ አውቃታለሁ።»

«ንጉሡ የሰጠኝ ስጦታ ናት» አለ ካሊፎን እየሳቀ። «ስጦታ ይመለሳል እንዴ? አንተም ብትሄድ ይሰጥህ ነበር።»

በሚቀጥለው ሸንጎ ተናጋሪው እንደገና ፊልጶስን አነደደው። ከሁሉ አስበልጦ ያጨበጨበው ካሊፎን ነው።

«ያለፈው ይሻል ነበር፤ ዛሬ ድምፁ ትንሽ ጎርነን ብሏል» አለ ከሚክዮን ፊት ሽንኩርት የሚቆረጥም ሽማግሌ።

አዋጅ ነጋሪው «መናገር የሚፈልግ ማነው?» ሲል ሚክዮን በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ።

«እኔ ንግግር አላውቅም» አለ። «ፊልጶስ እዚህ የለም፤ ስድባችንም አይደርሰውም። ካሊፎን ግን ይኸው ተቀምጧል። ቤቱ ያለችው ሴት የኦሊንቶስ ሰው ናት። አጨብጭባችሁ ምሳችሁን ልትበሉ የሄዳችሁ ዕለት የተሸጠች ናት። የምጸየፈው እናንተን ነው፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ።»

«አንተ ሽንታም፣ ሽታህን ይዘህ ውረድ!» አለ አንዱ ከኋላ። ኮረብታው በሳቅ ተሞላ። ጠባቂዎች ክንዱን ይዘው አወረዱት።

ከዚያ ወዲህ ወደ ሸንጎ አልወጣም። መሊታ ልብስ ስታመጣ ፊሊና የገብስ ቂጣና አይብ እያቀረበች ታስቀምጣታለች፤ ሁለቱ ሴቶች በዝግታ ያወራሉ፤ ሚክዮን ጀርባውን ሰጥቶ ልብስ ይረግጣል። ክረምቱ ሲገባ የካሊፎንን ልብስ ሌላ ሴት ይዛ መጣች።

ካሊፎንን መንገድ ላይ አግኝቶ ጠየቀው።

«ለአንድ መርከበኛ ሸጥኳት» አለው። «ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቅሁም። ልብሴስ ደረሰ?»

ሚክዮን ልብሱን ሳያጥብ መለሰለት።